መስኮት ቢበዛ ሰው ካነሰ

በዛሬው አምዳችን የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ መስኮት ነው። ሁላችንም እናውቃታለን፤ ራሳችን ታመን ወይም የታመመ ዘመድ ይዘን ተሰልፈንባታል። የመድኃኒት ቤት መስኮት ናት።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ዒድ ጎንደር አዲስ ዓለም በአንድ ዘመዳችን ቤት ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ ነው። ከአሜሪካ ለጥየቃ የመጣ አንድ ወጣት ስለሚኖርበት አገር ሲያጫውተን፣ «እዚያ እኮ መድኃኒት ለመውሰድ ከመኪና አይወረድም» አለ። «መኪናህን ወደ ግድግዳው ታስጠጋለህ፤ መስኮቱ ይከፈታል፤ ስምህንና የተወለድክበትን ቀን ትናገራለህ፤ መድኃኒትህን በከረጢት ተቀብለህ ትሄዳለህ። በቃ!»

ወጣቶቹ ተደነቁ። አንዱ «ጎንደርስ ለምን አይኖራትም? መኪና ባይኖረን በባጃጅ እንሰለፋለን» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ከጥግ ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩ አንዲት እናት ግን አልሳቁም። «ልጄ» አሉት፣ «መስኮቱንስ ይክፈቱት። ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰው ግን እኔን የሚያናግርበት ጊዜ ይኖረዋል?»

እኚህ እናት የሚኖሩት በዳባት በኩል ሲሆን የደም ግፊት ስላለባቸው ለክትትል ወደ ጎንደር ይመላለሳሉ። ከጥቂት ወራት በፊት መድኃኒታቸውን ሊገዙ ሄደው ረጅም ሰልፍ ጠበቃቸው። ተራቸው ሲደርስ የተሰጣቸው ካርቶን ቀለሙም ስሙም ከቀድሞው የተለየ ነበር። መድኃኒቱን የሰጣቸው ወጣት «በቀን አንድ ፍሬ ይውሰዱ እማማ» ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ። እርሳቸውም ተጨማሪ መድኃኒት የታዘዘላቸው መስሏቸው ቤት ከቀረው አንድ፣ ከአዲሱም አንድ እያደረጉ ይወስዱ ጀመር። ከቀናት በኋላ ራሳቸውን አዙሯቸው ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ወደቁ። ልጃቸው ሁለቱንም ካርቶን ይዞ ጤና ጣቢያ ሲያሳይ ጉዳዩ ታወቀ። ሁለቱም አንድ መድኃኒት፣ አምሎዲፒን ነበሩ። የተለያየው ፋብሪካውና የንግድ ስሙ ብቻ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ አጥንታቸው አልተሰበረም።

መድኃኒቱን የሰጣቸውን ወጣት ልንወቅሰው አልፈለግንም። እርሳቸውም አልወቀሱትም። «ብቻውን ነበር፤ ላቡን እንኳ የሚጠርግበት ጊዜ አልነበረውም» ነው ያሉት። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው። ሰው የሚጉላላው መስኮት ስለጠበበ ነው ወይስ ከመስኮቱ ኋላ ሰው ስላነሰ?

በመጀመሪያ ያ ወጣት ያወራልንን አሠራር እንመልከት። በአሜሪካ የመኪና መስኮት ያላቸው መድኃኒት ቤቶች በብዛት የተስፋፉት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። እንደ ዎልግሪንስ ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች በየመንገዱ ማዕዘን አዳዲስ ሱቆች ሲሠሩ ለመኪና የሚሆን መስኮትም አብረው አወጡ። አንዳንዶቹ ሁለት መስመር አላቸው። ከግድግዳው ርቆ ለሚቆመው ሁለተኛ መኪና መድኃኒቱ በአየር ግፊት በሚሠራ ቧንቧ ይላክለታል። የታመመ ሕፃን ላዘለች እናት፣ በምርኩዝ ለሚሄድ አዛውንት፣ ዝናብ በሚጥልበት ምሽት ይህ ትልቅ እፎይታ መሆኑን ማንም አይክድም።

ይሁን እንጂ ከመስኮቱ በስተኋላ ያለው ሥራ አልቀነሰም። ማዘዣው ይነበባል፤ መጠኑ ይታያል፤ በሽተኛው ከሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይጋጭ እንደሆነ ይመረመራል፤ የኢንሹራንሱ ሂሳብ ይጣራል፤ ፍሬው ይቆጠራል፤ አወሳሰዱ ይጻፋል፤ በመጨረሻም ፋርማሲስቱ አይቶ ያረጋግጣል። ብዙ ጊዜ ይህን የሚሠሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው የውስጡንም ባንኮኒ፣ የመኪናውንም መስኮት፣ ስልኩንም የሚያስተናግዱት። የመኪናው ደወል ሲጮህ ፍሬ ይቆጥር የነበረው ሠራተኛ ቆጠራውን አቋርጦ ይሄዳል፤ ተመልሶ ሲመጣ ከየት እንዳቆመ ይጠፋዋል።

የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለዚህ ጉዳይ ፋርማሲስቶችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ጥናት አሳትመዋል። ፋርማሲስቶቹ የመኪና መስኮቱ ሥራን እንደሚያጓትትና ለስህተትም በር እንደሚከፍት ገልጸዋል። እርግጥ ይህ የባለሙያዎቹ አስተያየት እንጂ አንድ በአንድ የተቆጠረ ስህተት አይደለም። ሆኖም ሥራውን የሚያውቀው የሚሠራው ሰው ነውና ቃላቸው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023ም በካንሳስ ሲቲ አካባቢ የሲቪኤስ ፋርማሲስቶች፣ ከዚያም በሌሎች ከተሞች የዎልግሪንስ ባልደረቦቻቸው ሥራ አቁመው ነበር። አቤቱታቸው የሠራተኛ ቁጥር አንሶ ሥራው በዝቶብናል፣ በዚህ ሁኔታ የበሽተኛውን ደኅንነት መጠበቅ አንችልም የሚል ነበር። በሀብታም አገር፣ ባማረ ሕንፃ ውስጥ፣ መስኮት ሞልቶ ሰው አነሰ ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ሰልፍ እንዴት እንደሚረዝም በቁጥር ብናየው ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። ስለ ሰልፍ ማስላት የተጀመረው በስልክ ነው። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎች አመጣጥን የሚያሰላ ጽሑፍ አሳተመ። ዛሬ ባንክም ሆስፒታልም ሰልፉን የሚያሰላው እርሱ ከጀመረው ትምህርት ተነስቶ ነው።

አንድ ፋርማሲስት አንድን ሰው ለማስተናገድ በአማካይ 5 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። በሰዓት 12 ሰው ማስተናገድ ይችላል ማለት ነው። ሰው ደግሞ ተቀጣጥሮ አይመጣም፤ አንዳንዴ ሦስት አራት ሆኖ ይመጣል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። አንዱ ሰው በ2 ደቂቃ ያልቅለታል፤ ሌላው 10 ይፈጅበታል። በዚህ ሁኔታ በሰዓት 6 ሰው ቢመጣ አንድ ሰው ተራው እስኪደርስ በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። 9 ሰው ቢመጣ 15 ደቂቃ ይጠብቃል። 10 ቢመጣ 25 ደቂቃ፣ 11 ቢመጣ ደግሞ 55 ደቂቃ ይሆናል! በሰዓት አንድ ሰው ብቻ ቢጨመር ጥበቃው ከእጥፍ በላይ ሆነ። 12 ቢመጣማ ሰልፉ እየረዘመ ይሄዳል እንጂ አያጥርም።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ባለሙያው ፋታ ሳያገኝ ከጧት እስከ ማታ ከተጠመደ አሠራሩ ቀልጣፋ የሆነ ይመስለናል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ትንሽ ክፍት ጊዜ የሌለው ባለሙያ ካለ በደጁ ረጅም ሰልፍ አለ። ሰልፉ ሲያስጨንቀው የሚቀንሰው ደግሞ ፍሬ መቁጠሩን አይደለም፤ ማስረዳቱን ነው። እኚያ እናት ያጡት ያችኑ የሁለት ደቂቃ ምክር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሁለት መስኮት፣ ሁለት ባለሙያ አለ እንበል፤ በእያንዳንዱ መስኮት ፊት በሰዓት 10 ሰው ለየብቻው ቢሰለፍ ጥበቃው 25 ደቂቃ መሆኑን አይተናል። እነዚያው 20 ሰዎች በአንድ ሰልፍ ቆመው መጀመሪያ ወደ ተለቀቀው መስኮት ቢሄዱ ግን ጥበቃው ወደ 11 ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። ገንዘብ አልወጣም፣ ሰው አልተቀጠረም፤ የሰልፉ አሠላለፍ ብቻ ተለወጠ። አንድ ባለሙያ ለሁለት መስኮት ቢሮጥ ግን ትርፉ ድካም ብቻ ነው።

የመኪና መስኮትን በደንብ የተጠቀሙበት የሉም ማለታችን አይደለም። በማሌዢያ የመንግሥት ሆስፒታሎች እንዲህ ያለ አገልግሎት አለ። እዚያ ግን መስኮቱ ለሁሉም ሰው አይደለም፤ በዋናነት የሚያገለግለው ያንኑ መድኃኒት በየጊዜው ለሚወስድ ሰው ነው። የመጀመሪያውን መድኃኒት ከባንኮኒው ቀርቦ ምክር ሰምቶ ይወስዳል። ቀጣዩን ግን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ሠራተኞቹ አዘጋጅተው ይጠብቁታል፤ መጥቶ ተቀብሎ ይሄዳል። ምስጢሩ ከመኪናው አይደለም። ሥራው ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ተሠርቶ ማለቁ ነው።

አሁን ወደ ጎንደራችን እንመለስ። በእኛ አገር ከመድኃኒት ቤት የሚሰለፈው አብዛኛው ሰው በመኪናው የመጣ አይደለም። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ከተቋቋመባት ጀምሮ የሕክምና ከተማ ናት፤ ያ ተቋም አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ስለዚህም ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከወገራ፣ ከጃናሞራ፣ ከጭልጋና ከደምቢያ ሰው ለተሻለ ሕክምና ወደዚህ ይመጣል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጃናሞራ ሰው ደግሞ ዋናው መንገድ እስኪደርስ በተራራው የሚጓዘው ለብቻው አንድ ጉዞ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው አንድ ሰዓት ሰልፍ ማለት አንድ ሰዓት ብቻ አይደለም። የመጨረሻዋ መኪና ካመለጠችው የአንድ ሌሊት አልጋና እራት ማለት ነው። ዘመድ ከሌለው ለመድኃኒት የያዘው ገንዘብ ለማደሪያ ያልቃል።

ደግሞ የሚመጣው ሰው እየጨመረ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን እ.ኤ.አ. በ2011 ፎገራን ጨምሮ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፍቷል። ቀድሞ ገንዘብ አጥቶ ቤቱ ይቀር የነበረ ገበሬ ዛሬ ደብተሩን ይዞ ይታከማል። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን የሚሰለፈው ሰው ሲጨምር የሚያስተናግደው ሰው ቁጥር እዚያው ከቆመ ከላይ ያየነው የ11ኛው ሰው ነገር ይመጣል።

መፍትሔ የለም ወይ? አለ፤ ያውም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ በክልላችን በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አንድ አዲስ የፋርማሲ አሠራር ተጀመረ። ባለሙያዎቹ በምህጻረ ቃል «ኤ.ፒ.ቲ.ኤስ.» ይሉታል፤ የመድኃኒት ግብይቱና አገልግሎቱ ኦዲት እንዲደረግ የሚያስችል አሠራር ማለት ነው። ቀድሞ በሽተኛው ዋጋ ለማስተመን ወደ ፋርማሲ፣ ለመክፈል ወደ ገንዘብ ተቀባይ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ወደ ፋርማሲ ይንከራተት ነበር። በአዲሱ አሠራር ማዘዣ የሚመረምረው፣ ሂሳብ የሚሠራው፣ ገንዘብ የሚቀበለውና መድኃኒቱን አስረድቶ የሚሰጠው በአንድ ስፍራ ተከታትለው እንዲቀመጡ ተደረገ። ከአሠራሩ ዓላማዎች አንዱም ባለሙያን እንደ ሥራው ብዛት መመደብ ነው። አሠራሩ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በአገሪቱ ወደሚገኙ ሌሎች ሆስፒታሎች ተዳርሷል።

ሁለተኛው መፍትሔ ሰውየው ወደ መስኮቱ የሚመላለስበትን ጊዜ መቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱና ጤናቸው የተረጋጋ ሰዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ የሚያደርግ አሠራር ተዘርግቷል። በየወሩ ይመጣ የነበረ ሰው በዓመት 12 ጊዜ መሰለፉ ቀርቶ 2 ጊዜ ሆነለት። አንድም መስኮት ሳይጨመር ሰልፉ አጠረ። እርግጥ ለግፊትና ለስኳር እንዲህ ለማድረግ መድኃኒቱ በበቂ መጠን መገኘት አለበት፤ በሽተኛውም የተረጋጋ መሆን አለበት። ቢሆንም ሐኪምን «የሁለት ወይም የሦስት ወር ሊታዘዝልኝ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሦስተኛው መድኃኒቱን ወደ ሰውየው ማቅረብ ነው። በዚህ ረገድ ጎንደር የምትኮራበት ታሪክ አላት። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የሚጥል በሽታና የስኳር ሕሙማን ሁሉ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ከሚጎርፉ በየአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ነርሶች ክትትል እንዲያገኙ ያደረጉበት ሥራ በውጭ አገር የሕክምና መጽሔቶች ሳይቀር ተጽፏል። አንድ የወገራ ገበሬ መድኃኒቱን በእግሩ ሄዶ ከቅርብ ጤና ጣቢያ ካገኘ፣ ከዚህ የተሻለ ምን ዓይነት የመኪና መስኮት ይሠራለታል?

ለመድኃኒት ቤት ባለቤቶችና ኃላፊዎችም አንድ ወንድማዊ ሐሳብ አለን። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ለአንድ ሳምንት ያህል በየሰዓቱ ስንት ሰው እንደመጣ ቁጠሩ። የገበያ ቀን፣ የክትትል ቀጠሮ የሚበዛበት ቀን፣ ከሩቅ የመጣው ሰው ወደ መኪናው የሚቸኩልበት ሰዓት በግልጽ ይታያችኋል። ሁለተኛውን ባለሙያ በዚያ ሰዓት አቁሙት። ዕቃ መደርደርና ሂሳብ መመዝገብ ሰው ለሚያንስበት ሰዓት ይቆይ። በየወሩ ያንኑ መድኃኒት ለሚወስዱት በዋዜማው በስልክ ጠይቃችሁ አዘጋጁላቸው። ሰልፉን አንድ አድርጉት። ከሁሉም በላይ አንድ ሰው የማስረዳት ሥራ ብቻ ይኑረው።

የማስረዳት ነገር ለእኛ ቤተሰቦች በተለይ በረመዳን ሰሞን ይበልጥ ያስፈልጋል። «በቀን ሦስት ጊዜ» የተባለ መድኃኒት ለሚጾም ሰው እንዴት ይሆናል? ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በስሑርና በኢፍጣር ምን ያድርግ? ይህ በችኮላ በመስኮት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። መጠኑንም ሰዓቱንም በራስ መለወጥ አደጋ አለው። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሐኪምን ማማከር ያሻል። ሐኪሙ መጾም ይጎዳሃል ካለም በሽተኛ እንዲያፈጥር በሃይማኖታችን የተፈቀደ መሆኑ የታወቀ ነው።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው? ብዙ ነው።

አንደኛ፣ የመጨረሻዋ ፍሬ እስክታልቅ አንጠብቅ። ሳምንት ሲቀረው የሄደ ሰው መድኃኒቱ ቢጠፋ ሌላ ቦታ የሚፈልግበት ጊዜ ያገኛል፤ የሰው ብዛት የሚቀንስበትን ቀንም ይመርጣል።

ሁለተኛ፣ የቀድሞውን ካርቶን ወይም ማሸጊያ ይዘን እንሂድ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የፋብሪካው የንግድ ስም ነው፤ የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስም ከሥሩ በትንሹ ይገኛል። ሁለቱን ማስተያየት ያለብን በትንሹ ነው።

ሦስተኛ፣ ሳንጠይቅ ከመስኮቱ አንነሳ። «ይህ ለምን የሚሆን ነው? ቤቴ ካለው ጋር አንድ ነው ወይስ ሌላ? እንዴትና እስከ መቼ ልውሰደው?» ሦስቱም ጥያቄ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም።

አራተኛ፣ ከፊታችን ያሉ አዛውንት ሲጠይቁ ከኋላ ሆነን «ቶሎ ይበሉ እንጂ!» አንበል። ባለሙያውን የሚያስቸኩለው የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም፤ የእኛም ጩኸት ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ ደግሞ አንድ ነገር እንጠብቃለን። ማንበብ የማይችሉ እናትና አባት፣ አክስትና ጎረቤት በየቤቱ አሉ። በወር አንድ ቀን አብራችኋቸው ብትሰለፉ፣ የመድኃኒታቸውን ስም በደብተር ብትመዘግቡላቸው፣ የተቀየረ ነገር ሲኖር ብትጠይቁላቸው ሕይወት ታድናላችሁ። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም።

እኚያ የዳባት እናት ዛሬ ደኅና ናቸው። ባዶውን ካርቶን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው መድኃኒት ቤት የሚሄዱት። ባለፈው ሲነግሩን ሰልፉ ያው ረጅም ነበር። ተራቸው ሲደርስ ካርቶኑን ከመስኮቱ ላይ አስቀምጠው «ልጄ፣ ይህና ያ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» ብለው ጠየቁ። ወጣቱም ቀና ብሎ አያቸውና ካርቶኑን አንስቶ አነበበ። «አንድ ናቸው እማማ፤ የቤቱን ይጨርሱና ይህን ይጀምሩ» አላቸው። ከኋላቸው የቆመው ሰውም ዝም ብሎ ጠበቀ።

ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።